በአንድ ምሽት ከ47 ስልኮች የተሰበሰበ የእንቅስቃሴ ዳታ ወደ ቪዲዮ ሥራ እንዴት ይቀየራል?

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እህቶች። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር በአንድ አዳራሽ የሙዚቃና የጭፈራ ምሽት አዘጋጅተን ነበር፤ ዝግጅቱን ከሌሎች የሚለየው ተመልካቹ ራሱ መዝጋቢ መሆኑ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ሰው በሩ ላይ በስልኩ አንዲት ቀላል ገጽ ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ምሽቱን ሙሉ የአካሉን ንቅናቄ እየመዘገበ ይልክልናል። ምስልም ድምፅም አልወሰድንም፤ የወሰድነው በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመዘገቡ ሦስት ቁጥሮችን ብቻ ነው። 47 ስልኮች ተሳትፈዋል፤ ስድስቱ የጨፋሪዎቹ፣ የቀሩት የተመልካቹ ናቸው። ቀረጻው 38 ደቂቃ ስለነበረ ሁሉም ሳይቋረጡ ቢመዘግቡ ኖሮ ከ5 ሚሊዮን በላይ መስመር ይሆን ነበር፤ በእጄ ያለው ግን 4 ሚሊዮን አይሞላም፤ ብዙዎቹ ስልኮች ስክሪናቸው ሲጠፋ መላክ አቁመዋልና።

ሐሳቤ ከዚህ ዳታ ሰባት ደቂቃ የሚሆን፣ በዚያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የሚታይ የቪዲዮ ሥራ መሥራት ነው። ካሜራ አቁመን ቢሆን ኖሮ የሚያሳየን መድረኩን ብቻ ነበር። በዚያ ምሽት ግን ከበሮው እየጠነከረ ሲሄድ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንዲት እናት ትከሻቸው ቀስ ብሎ ሲነሣ አይቻለሁ። ከመድረክ የተነሣው ነገር እዚያ ድረስ መድረሱን የያዘው፣ በመቀነታቸው ውስጥ የነበረው ስልካቸው ብቻ ነው። ማሳየት የምፈልገው ይህንን ነው።

ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱም አልሆኑልኝም። መጀመሪያ ከፍጥነት ለውጡ ተነሥቼ እያንዳንዱ ሰው የሄደበትን መንገድ ለማውጣትና ሰዎቹን እንደ ነጥብ ለማንቀሳቀስ ሞከርኩ፤ ነጥቦቹ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ተበታትነው ከስክሪኑ ወጡ። ቀጥዬ የሁሉንም አማካይ አውጥቼ አንድ የብርሃን ክብ እንዲተነፍስ አደረግሁት፤ እሱም ከበሮው ሲጋልብም ሲያርፍም የሚነቃነቀው በጥቂቱ ብቻ ነው፣ ሕይወት የለውም። የስልኮቹ ሰዓትም እርስ በርሱ አይገጥምም። መድረክ መሪው ሲጀመር ሁሉንም አስነሥቶ ሦስት ጊዜ አስጨብጭቦ ነበር፤ እሱ ይጠቅም እንደሆነ አላወቅሁም። እያንዳንዱ ሰው ስልኩን የት እንዳስቀመጠና በየትኛው ረድፍ እንደተቀመጠ ግን በወረቀት ጽፈን ይዘናል። ከዚህ ወዴት እንድሄድ ትመክሩኛላችሁ?

ባሶና፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ። መጀመሪያ ነጥቦቹ ለምን እንደተበታተኑ ላስረዳ፤ ኮድዎ ተሳስቶ አይመስለኝም። በስልክ ውስጥ ያለው አክሰለሮሜትር ስልኩ የት እንዳለ አያውቅም፤ የሚያውቀው ፍጥነቱ ምን ያህል እየተለወጠ እንደሆነ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ስልክ እንኳ (በሜትር በሴኮንድ ስኩዌር) ወደ 9.8 የሚጠጋ ቁጥር ያሳያል፣ የመሬት ስበት በውስጡ አለበትና። ከዚህ ቁጥር ቦታን ለማግኘት ሁለት ጊዜ መደመር ያስፈልጋል፤ ያኔ ትንሿ ስሕተት በጊዜው ስኩዌር ልክ ታድጋለች። ሴንሰሩ በ0.01 ብቻ ቢሳሳት፣ ይህም ከስበት አንድ ሺኛ ገደማ ነው፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሰውዬው ከወንበሩ 18 ሜትር ርቆ ይገኛል። የስልኩ ዘንበል ማለት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል 0.17 ያህል ስበት እንደ እንቅስቃሴ ተቆጥሮ ይገባል፣ ይህም በ10 ሴኮንድ ብቻ ከስምንት ሜትር በላይ ያስኬዳል። ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዞር የሚለካ ሴንሰር) ያለው ስልክ መጋደሉን በከፊል ሊያርም ይችላል፤ በገበያችን ካሉት ርካሽ ስልኮች ግን ብዙዎቹ ጋይሮስኮፕ የላቸውም። ስለዚህ የመንገዱን ነገር ይተዉት። ዳታዎ የሰዎቹን ቦታ አልያዘም፤ የያዘው የመነቃነቃቸውን ብርታት ነው።

አማካዩ የሞተበት ምክንያትም ተመሳሳይ ነው። በአንዱ ኪስ ውስጥ ስልኩ ተገልብጦ ነው ያለው፣ በሌላው ተጋድሞ ነው፤ የአንዱ ላይ ለሌላው ጎን ነው። እነዚህን ከነምልክታቸው ሲደምሩ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ይልቁንስ የእያንዳንዱን ስልክ ሦስት ቁጥሮች ስኩዌር አድርገው ደምረው ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ ከዚያ 9.8 ይቀንሱ። ያን ጊዜ ስልኩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቀመጥ የሚቀረው የእንቅስቃሴው ብርታት ብቻ ይሆናል። ለማለስለስ፣ ማለትም ተከታታይ ቁጥሮችን በአማካይ ለመተካት፣ ግን አይቸኩሉ። በእስክስታ ትከሻ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ የግማሽ ሴኮንድ ማለስለሻ ከተጠቀሙ እስክስታውን ራሱን ያጠፉታል። እኔ ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ አላልፍም ነበር። በሴኮንድ 50 ምዝገባ በንድፈ ሐሳብ በሴኮንድ እስከ 25 ጊዜ የሚመላለስ ነገር መያዝ ስለሚችል፣ ዳታዎ ለትከሻ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ ስልኮች 50 ሲባሉ በትክክል እኩል እያራራቁ አይመዘግቡም፣ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ሁሉንም ወደ አንድ ወጥ የጊዜ መሰላል ያምጧቸው።

ስለ ሰዓቱ። ጭብጨባው ይጠቅማል፣ ነገር ግን በጥንቃቄ። ሁሉንም ስልክ በጭብጨባው ጫፍ ላይ ካገጠሙ፣ ዘግይቶ ያጨበጨበውን ሰው መዘግየት ይሰርዙበታል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 17 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ከበሮውን የሚሰማው ከ0.05 ሴኮንድ በኋላ ነው፤ ይህ በእርስዎ ዳታ ሁለት ተኩል መስመር ነው። የሰው ምላሽ ደግሞ ከዚያ በላይ ይዘገያል። ይህ መዘግየት የምሽቱ አካል ነው፣ ሊጠፋ አይገባም። የእያንዳንዱ መልእክት ሰርቨር የደረሰበት ሰዓት ተመዝግቦ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ስልክ ከብዙ መልእክቶች መካከል በጣም ፈጥኖ የደረሰውን ይፈልጉ፤ በዚያ መልእክት ላይ በስልኩ ሰዓትና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ለእውነተኛው ልዩነት የቀረበ ነው። ጭብጨባውን ለማረጋገጫ ብቻ ያቆዩት።

አንድ ስጦታ ደግሞ አለዎት። የሸዋ ጭፈራ ዝላይ አለበት፤ ሰው በአየር ላይ ሳለ ስልኩ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ቁጥር ያነባል። ያ ዜሮ 0.4 ሴኮንድ ከቆየ ዝላዩ 20 ሴንቲሜትር ያህል ነበር ማለት ነው። ቦታ ማወቅ ባይቻልም የዝላይን ከፍታ እንዲህ ማወቅ ይቻላል፤ ስልኩ ከሰውነት ጋር የተጣበቀ እስከሆነ ድረስ።

የመንዙ፦

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ቤተሰቦቼ በበግ ፀጉር የሚሠሩ ናቸው፣ አያቴ ዝተት ይሠሩ ነበር። የእህታችንን ጥያቄ ሳነብ 47ቱ ስልኮች 47 ድር ሆነው ታዩኝ፤ ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም፣ ሥራው በእውነት እንዲያ ሊሠራ ስለሚችል ነው።

አንድ ሰው አንድ ድር ይሁን። ድሮቹ ጎን ለጎን ከላይ እስከ ታች ይዘርጉ፤ ጊዜው ደግሞ እንደ ማግ ከላይ እየገባ ጨርቁን ወደ ታች ይግፋው። ሰውየው ሲነቃነቅ ድሩ በዚያች ቅጽበት ይደምቃል፣ ሲያርፍ ይጨልማል። የባሶናው ወንድማችን ያሉትን ብርታት ቀለም አድርጉት ማለቴ ነው። የተለመደው የፕሮጀክተር ምስል 1,920 ፒክሰል ስፋት አለው ብለው ልጆቼ ስለነገሩኝ አሰላሁት፤ ለአንድ ድር 40 ብትሰጡት 47ቱ 1,880 ይይዛሉ፣ በግራና በቀኝ 20፣ 20 ለዳር ይቀራል። የተሠራልን ይመስላል።

አያቴ ድር ሲበጠስባቸው ቋጥረው ይቀጥላሉ፣ ግን ቋጠሮውን አይደብቁም ነበር፤ ገልብጦ ያየ ሰው የት እንደተበጠሰ ያውቃል። እርስዎም ስክሪኑ በጠፋበት ሰዓት ድሩን በግምት አይሙሉት። ጥቁር ይሁን። ያ ሰው በዚያ ሰዓት አልነበረም ማለት ሳይሆን እኛ አላየነውም ማለት ነው፤ ይህንን ለተመልካች በሐቀኝነት ማሳየት ይገባል።

ለቀለሙም የመንዝ በግ ራሱ የሰጠንን ብትወስዱ ደስ ይለኛል፤ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ግራጫ፣ ነጭ። ማቅለሚያ ያልነካው ፀጉር ሲሸመን ጥቁሩ ከነጩ ጋር ሳይጣላ ዓይን ያሳርፋል፣ ደማቅ ቀይና አረንጓዴ ግን የአንዱን ድር ድምፅ በሌላው ላይ ያስጮኸዋል። ድሮቹን በወንበር ረድፍ ደርድሯቸው፤ ከመድረክ የተነሣው ወደ ኋላ ሲሄድ በጨርቁ ላይ እንደ ሰያፍ መስመር ይታያል።

ጣርማበር፦

የመንዙ አባታችን የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በቪዲዮ ሥራ ላይ ስለምውል ጥቂት ልጨምር፣ በአንድ ነጥብ ላይም በአክብሮት ልለይ።

የሰውን አካል ትቶ እንቅስቃሴውን ብቻ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ምሁር ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1882 በሴኮንድ 12 ምስል የሚያነሣ የፎቶ ጠመንጃ ሠርቶ ነበር፤ በኋላም ሰውን ጥቁር ልብስ አልብሶ በክንድና በእግሩ ላይ ነጭ መስመር በማድረግ በጥቁር ግድግዳ ፊት አስሮጦታል፣ በምስሉ ላይ የቀሩት መስመሮቹ ብቻ ናቸው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በመገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ የተለጠፉ ጥቂት የብርሃን ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ፣ ተመልካች ወዲያውኑ የሚራመድ ሰው መሆኑን እንደሚለይ አሳይቷል። ነጥቦቹ ሲቆሙ ግን ትርጉም የሌለው ብትንትን ብቻ ናቸው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ዓይን ሰውን የሚያውቀው በቅርጹ ብቻ ሳይሆን በምቱ ጭምር ነው፣ ስለዚህ ሰው የሚመስል ቅርጽ ለመሣል አይድከሙ። ምቱን በታማኝነት ካስቀመጡ ሰውየው ይመጣል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ቪዲዮውን በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያድርጉት። 50 ምዝገባ በ25 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ፍሬም በትክክል ሁለት ምዝገባ ይደርሰዋል፤ 30 ቢያደርጉት አንዳንዱ ፍሬም አንድ፣ አንዳንዱ ሁለት እያገኘ እስክስታው ይንቀጠቀጣል። በእያንዳንዱ ፍሬም ጨርቁ አንድ ፒክሰል ቢወርድ፣ 1,080 ፒክሰል ቁመት ያለው ግድግዳ በአንድ ጊዜ 43 ሴኮንድ ያህል ትዝታ ይይዛል። አንድ ዘፈን ሲሞቅ እንዴት እንደሞቀ ለማየት ይህ የሚበቃ ይመስለኛል።

ሰባት ደቂቃ 10,500 ፍሬም ነው። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አያስወጡት፤ በፕሮሰሲንግ ወይም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው እንደ ምስል ያስቀምጡና በመጨረሻ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ያገጣጥሙት። በእኛ አካባቢ መብራት በመሃል ሲሄድ፣ 6,000ኛው ላይ የነበረ ሰው ከ6,001 ይቀጥላል፣ በቀጥታ ቪዲዮ ያስወጣ ግን ከዜሮ ይጀምራል። በተጨማሪም ከጥቁር ወደ ግራጫ ቀስ ብሎ የሚሄድ ቀለም ሲጨመቅ በግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ ተሰብሮ ይታያል፤ ይህን ለመከላከል በምስሉ ላይ ዓይን የማይለየው ደቃቅ ጨው መሰል ንጣፍ ይርጩበት። ከሱፍ ጋርም ይስማማል።

የምለየው በአደራደሩ ላይ ነው። በወንበር ረድፍ ብቻ ከደረደሯቸው፣ የሱሪ ኪስ ውስጥ የነበረው ስልክ ከደረት ኪሱ ጎን ይመጣል። የሱሪው ኪስ እግርን ነው የሚሰማው፣ የደረት ኪሱ ትከሻን። እኔ መጀመሪያ በስልኩ ቦታ ከፍዬ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በወንበር እደረድር ነበር። ያን ጊዜ እግር ከእግር፣ ትከሻ ከትከሻ ጋር ሲነጋገር ይታያል።

የመንዙ፦

ልጄ፣ ያልከው ለዓይን ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ባልና ሚስት፣ እሱ በሱሪው እሷ በመቀነቷ ስለያዙ ብቻ በጨርቁ ላይ ሊለያዩ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ሰው የሚሞቀው ከጎኑ ካለው ሰው ነው። እግሩና ትከሻው ባይመሳሰሉም የአንድ ወንበር ሰዎች ናቸው። እኔ በአደራደሬ እጸናለሁ።

አንኮበር፦

ሁላችሁም የሠራችሁት ስሌት ይረዳል፤ እኔ ግን ስለ ባለቤቶቹ ልናገር፣ ምክንያቱም ሦስቱ ቁጥሮች ስም የላቸውም ብሎ መዘናጋት ይቻላል። የሰው አካሄድና አነቃነቅ እንደ ፊርማ ነው፤ ከስልክ ሴንሰር ብቻ ሰውን በአካሄዱ መለየት የሚቻል መሆኑ በምርምር የታወቀ ነው። እርስዎ ደግሞ ረድፉንና የስልኩን ቦታ የያዘ ወረቀት አለዎት። ወረቀቱና ዳታው በአንድ ፎልደር ውስጥ ካሉ፣ ስም ባይጻፍበትም እገሌ ነው ማለት ይቻላል። ለይተው ያስቀምጧቸው፤ ድሮቹን ከደረደሩ በኋላ ወረቀቱ አያስፈልግዎትምና ያቃጥሉት።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በሕግም የሚታይ ጉዳይ ነው። ከሕጉ በፊት ግን የይሉኝታ ጉዳይ ነው። እነዚያ ሰዎች በሩ ላይ የፈቀዱት ለምሽቱ ነበር ወይስ በግድግዳ ላይ ለመታየት? ገጽዎ ላይ የጻፉት ምን ነበር? ለእኔ ተገቢ የሚመስለኝ፣ ሥራው ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት 47ቱን ጠርቶ ለእነሱ ብቻ ማሳየት፣ ድሬን አውጡልኝ ያለ ካለም ያለ ምንም ጥያቄ ማውጣት ነው። የወጣውም ቦታው ጥቁር ሆኖ ይቅር፣ የመንዙ አባት እንዳሉት።

ሌላ አንድ ነገር። ይህ አሠራር ሲሳካ ቀጣዩ ሐሳብ ወደ ጥምቀት ይዞት መሄድ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ወረቡን፣ የመቋሚያውን ምት፣ የሕዝቡን እልልታ ማለቴ ነው። የአንኮበር ልጅ ነኝና ፈተናው ይገባኛል። ነገር ግን ካህናቱ ለተመልካች አይደለም የሚያሸበሽቡት፤ አገልግሎት ላይ ናቸው። ያንን ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ስልክ ከማደሉ በፊት ወደ አባቶች ሄዶ ይጠይቅ፣ እንቢ ካሉትም እዚያው ያቁም።

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስመልስ አሥር ቀን የዘገየሁት ሳልሞክር መጻፍ ስላልወደድሁ ነው።

መንገድ የማውጣቱን ነገር ተውኩት። ሰዓቱን የባሶናው ወንድሜ በነገሩኝ መንገድ፣ ፈጥኖ በደረሰው መልእክት አስተካክዬ በጭብጨባው ሳረጋግጥ፣ ከ47ቱ 44ቱ በደንብ ገጠሙ። የቀሩት ሦስት ስልኮች ገና ስንጀምር ስክሪናቸው ስለጠፋ ጭብጨባውን ራሱን አልመዘገቡም፤ የእነሱን ድር ለማረጋገጥ መንገድ ስላጣሁ ጥቁር አድርጌ ትቻቸዋለሁ። ወንበሮቻቸው ግን በጨርቁ ላይ አሉ።

ከዚያ አንድ ዘፈን ብቻ፣ አራት ደቂቃ፣ 6,000 ፍሬም አውጥቼ ሌሊት በቤቴ ግድግዳ ላይ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ስድስቱ ጨፋሪዎች ብቻ ነጭ ነበሩ፤ የቀረው ጨርቅ ቡኒና ጥቁር ነው፣ ሰው ጋቢውን ሲያስተካክል እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ብቻ። ከበሮው ሲፋጠን የፊተኛው ረድፍ ግራጫ ሆነ። ሁለት ድሮች ጎን ለጎን አብረው ሲደምቁና አብረው ሲጠፉ አይቼ ወረቀቱን ብመለከት፣ አንደኛው በሱሪ ኪስ፣ ሌላው በመቀነት የተያዙ፣ በአንድ ወንበር የተቀመጡ ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው። የጣርማበሩ ወንድሜ ይቅር ይበሉኝ፣ በዚያች ሰዓት በወንበር መደርደሩን መረጥሁ። የእርስዎን የ25 ፍሬምና የንጣፉን ምክር ግን ቃል በቃል ተከትያለሁ፣ ግራጫው ሳይሰበር ወርዷል።

የእናታችን ድር ከቀኝ አምስተኛው ነው። ለሁለት ደቂቃ ከሞላ ጎደል ጥቁር ሆኖ ይወርድና፣ ከዚያ በጣም ቀጭን የሆነ፣ ሊያዩት ካልተዘጋጁ የማይታይ ግራጫ ይጀምራል፤ ከከበሮው ትንሽ ዘግየት እያለ፣ ግን ሳይስት። ብርታቱን አብዝቼ ላደምቀው ብል እችል ነበር፣ እጄ ግን አልታዘዘልኝም። እንደነበረው ይቆይ።

የአንኮበሩን ወንድሜን ጥያቄ በተመለከተ፣ ገጻችን ላይ የጻፍነው «ለሥነ ጥበብ ሥራ ይውላል» የሚል ብቻ ነበር፣ ይህም እንደማይበቃ አምኛለሁ። ወረቀቱን ለይቼ አስቀምጫለሁ፣ ሥራው እንዳለቀ አቃጥለዋለሁ። 47ቱንም በሚቀጥለው ወር በአዳራሹ ሰብስበን ለእነሱ ብቻ እናሳያለን። እናታችን ዘንድ ራሴ ሄጄ በስልኬ አሳይቻቸዋለሁ፤ ድራቸውን በጣቴ ሳሳያቸው ረጅም ጊዜ ተመልክተው፣ ከጎናቸው ያለው ጥቁሩ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ከጭብጨባው በፊት ከጠፉት ሦስት ስልኮች አንዱ ነው። ያንን ሰው ፈልጌ ለመጋበዝ በዚህ ሳምንት እሞክራለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ያህል ሰው የሚያወራበት፣ ጨርቁ ከሞላ ጎደል ጥቁር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከሰባቱ ደቂቃ ሁለቱን እሱ ሊወስድ ነው። የመንዙ አባቴ፣ በእርስዎ ሙያ እንዲህ ያለ ሰፊ ጥቁር በጨርቅ መካከል ሲመጣ ይተዉታል ወይስ ያሳጥሩታል?

የመንዙ፦

ዝተቱ ለመኝታ ከሆነ ጥቁሩ በሰፋ ቁጥር ይወደዳል፤ ቆሻሻ አይታይበትም። ለግድግዳ ከሆነ ግን አያቴ ጥቁሩን ሳያሳጥሩ በመካከሉ አንዲት ነጭ ማግ ይሰዱ ነበር፣ ዓይን የሚይዘው እንዲያገኝ። እርስዎ ዘንድ ያቺ ነጭ ማግ ልትሆን የምትችለው፣ በወሬው ሰዓት ከበሮ መቺው ከበሮውን ሲያጠብቅ እጁ የተንቀሳቀሰበት ነው፤ ስልክ ይዞ ከነበረ ይፈልጉት።